ሁለት ቢስክሌትና አንድ ዳገት

ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ የዓመቱ የስፖርት ውድድር ሲመከር፣ ከኋላ ወንበር አንድ ተማሪ ተነሥቶ «የቢስክሌት ውድድርስ ለምን አይኖርም?» ብሎ ቢጠይቅ አዳራሹ በሣቅ ተሞላ። ሣቁ ጋብ ሲል ከመድረኩ የተሰጠው መልስ «አሳቡ መልካም ነው፤ ሁሉ ነገር ሲሟላ ይታሰብበታል» የሚል ነበር። ያ ጠያቂ እኔ ነኝ። በዕለቱ ለክርክር ጊዜ ስላልነበረ፣ ያልተናገርሁትን በዚህች መጽሔታችን ላይ አቀርባለሁ። የሣቀውም ያልሣቀውም አንብቦ ይፍረድ።

«ሲሟላ» የምትለዋ ቃል ብዙ ሥራ የገደለች ቃል ናት። ቤተ መጻሕፍቱ ሲሟላ እናነባለን፣ ወረቀቱ ሲሟላ እንጽፋለን፣ ሜዳው ሲሟላ እንጫወታለን እያልን የትምህርት ዘመናችንን ጨርሰን ጋዋን ለብሰን እንወጣለን። ስለ ቢስክሌት ውድድር ከጓደኞቼ ጋር በተከራከርሁ ቁጥር፣ አልተሟሉም ተብለው የሚቆጠሩልኝ ነገሮች አራት ናቸው። ቢስክሌት የለንም፤ መንገድ አይዘጋልንም፤ ክለብና አሠልጣኝ የለንም፤ ጊዜውም አይፈቅድም። ሦስቱ ምክንያቶች አይደሉም ብዬ አምናለሁ። አራተኛው ግን እውነተኛ ምክንያት ነውና ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ውድድር ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ እንለይ። የቢስክሌት ውድድር ሲባል በአብዛኞቻችን ዐይን የሚመጣው፣ መቶ ሰው ተጠጋግቶ እንደ ንብ መንጋ ሲተም፣ መኪና ከፊትና ከኋላ ሲያጅበው፣ ፖሊስ መንገዱን ሲዘጋለት ነው። እንዲህ ያለው ውድድር በእውነትም ሀብት ይጠይቃል። ነገር ግን ሌላ ዓይነት ውድድር አለ። የስፖርቱ ሰዎች ከጣልያንኛው ወስደው ክሮኖ ይሉታል፤ እኔ የሰዓት ውድድር ብዬ ልጥራው። በዚህ ውድድር ተወዳዳሪዎቹ በአንድ ጊዜ አይነሡም። አንዱ ይነሣል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሁለተኛው ይከተላል፤ ከዚያም ሦስተኛው። አንዱ ከሌላው ኋላ ተጠግቶ ከነፋስ መከለል ክልክል ነው። እያንዳንዱ መንገዱን ብቻውን ይጨርሳል፤ በመጨረሻ ሰዓታቸው ተነጻጽሮ ያነሰው ያሸንፋል። መንገዱ ዳገት ከሆነ ደግሞ ነገሩ የዳገት ውድድር ይሆናል፤ አጭር ስለ ሆነ ለጀማሪም ይመቻል።

ይህን የውድድር ዓይነት የወለደው ምቾት ሳይሆን ችግር ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1894 በአንድ የመንገድ ውድድር ላይ የሠረገላ ፈረስ ደንብሮ ተወዳዳሪዎች ወደቁ። በዚያ ዘመን ፖሊሱም ባለሠረገላውም ብስክሌተኞችን በክፉ ዐይን ያያቸው ስለ ነበር፣ የስፖርቱ ማኅበር ራሱ በሕዝብ መንገድ ላይ በጅምላ መሽቀዳደምን ወደ መከልከል ደረሰ። ፍሬደሪክ ቢድሌክ የተባለው ብስክሌተኛና ጓደኞቹ ግን «መንገድ ይከፈትልን» እያሉ ደጅ ሲጠኑ አልኖሩም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 5 ቀን 1895 ተወዳዳሪዎቹን አንድ በአንድ እየለቀቁ የ50 ማይል የሰዓት ውድድር አደረጉ። ብቻውን ቢስክሌት የሚነዳ ሰው ላየው ሁሉ መንገደኛ እንጂ ተወዳዳሪ አይመስልምና ማንም አልከለከላቸውም። ልማዱ እየጸና ሲሄድ ጥቁር ልብስ ለብሰው ጎሕ ሲቀድ ይነሡ፣ የመንገዱንም ስም በፊደልና በቁጥር ይሸሽጉ ነበር። የዳገቱ ውድድርማ ከዚህም ይቀድማል። በለንደን የካትፎርድ ክለብ እ.ኤ.አ. በ1887 የጀመረው የዳገት ውድድር ዛሬም አለ።

ይህን ስል ከፖሊስ እንሸሸግ ማለቴ አይደለም። መንገድ ሳይዘጋ መወዳደር ይቻላል ማለቴ ነው። ይህንኑ ባለፈው ዓመት ለአንድ መሥሪያ ቤት ለማስረዳት ሞክረን ነበር። ማመልከቻችንን ያነበበው ሰው «መንገድ ለመዝጋት በጀት የለንም» አለን። «መንገድ ይዘጋልን አላልንም» ብንለው ወረቀቱን ደግሞ አየና «እንግዲያው ይህ ውድድር አይደለም» ብሎ መለሰልን። እኛም የተረፈን ነገር ውድድር መሆን አለመሆኑን በተግባር ማየት ብቻ ሆነ።

በከተማው ዳር የምናውቃቸው አንድ ቢስክሌት ጠጋኝ አሉ። ሥራውን የወረሱት ከአባታቸው ነውና ቋንቋቸው ሁሉ የጣልያን ቅሪት ነው፤ ካታና፣ ካምቢዮ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ካላማዳሪያ። «ጋሼ፣ ለአንድ ጧት ሁለት ቢስክሌት ያከራዩን» አልናቸው።

«ስንት ናችሁ?»

«አሥራ አንድ።»

«ለአሥራ አንድ ሰው ሁለት ቢስክሌት! ልትነዱት ነው ወይስ ልትሸከሙት?» ብለው ሣቁ። ነገሩን ስናስረዳቸው ግን ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና የሁለቱንም የፍሬን ጎማ በአዲስ ለወጡ፤ ኪራዩንም በግማሽ ቀነሱልን። «ሽቅቡ አያስፈራኝም፤ ቁልቁሉን ግን ቀስ በሉ፣ ልጆቼ» አሉን።

የጽሑፌ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። በጅምላ ለሚደረግ ውድድር ሃያ ሰው ካለ ሃያ ቢስክሌት ያስፈልጋል። በሰዓት ውድድር ግን ተወዳዳሪዎቹ ተራ በተራ ስለሚነሡ ያንኑ ቢስክሌት ሁሉም ሊነዳው ይችላል። መንገዱ ዳገት በሆነ ጊዜማ ቢስክሌቱ ወደ መነሻው የሚመለሰው ያለ ድካም ነው። ስለዚህ ሁለት ቢስክሌት ለአሥራ አንድ ሰው አያንስም፤ ለሃያም ቢሆን ይበቃል። «ቢስክሌት የለንም» የሚለው ምክንያት በዚህ ይወድቃል።

ያደረግነውም እንዲህ ነው። የመረጥነው ዳገት ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከሥሩ እስከ ጫፉም መቶ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ቢስክሌቶቹ ካምቢዮ የሌላቸው፣ እያንዳንዳቸው 18 ኪሎ የሚመዝኑ፣ ሰውና ዕቃ ሲያመላልሱ ያረጁ የብረት ቢስክሌቶች ናቸው። የሁለት ስልክ ሰዓት ከዳገቱ ሥር በአንድነት አስነሣን፤ አንዱ ከሥር ቀረ፣ ሁለተኛው ወደ ጫፍ ተወሰደ። ከሥር ያለው ሰው ተወዳዳሪው የተነሣበትን፣ ከላይ ያለው የደረሰበትን ይጽፋል፤ ልዩነቱ የተወዳዳሪው ሰዓት ነው። ተራችንን በዕጣ ለየን። ሁለቱ ቢስክሌቶች እየተፈራረቁ በየስምንት ደቂቃው አንድ ሰው ይነሣል፤ ከጫፍ የደረሰው ቢስክሌቱን በዝግታ ያወርዳል፤ ኮርቻው ለተረኛው ቁመት ይስተካከላል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምረን ሁለት ሰዓት ሲሆን ሁላችንም ጨርሰን ነበር። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ሰው እጃችን መሪውን እንዴት እንደ ጨበጠ መገመት አያቅተውም።

ከመካከላችን ኮርሳ ያለው አንድ ጓደኛችን ነበረ። በዚያ ቀላል ቢስክሌቱ በየጊዜው ሽው ብሎ ሲያልፈን ስላየነው፣ አንደኛ እርሱ እንደሚሆን ማንም አልተጠራጠረም። በብረቱ ቢስክሌት ግን አምስተኛ ወጣ። አንደኛ የሆነው ከአንኮበር በኩል ከገጠር የመጣ፣ የራሱ ቢስክሌት ኖሮት የማያውቅ፣ መንዳትንም በደቂቃ ሒሳብ በሚከራይ ቢስክሌት የተማረ ልጅ ነው። ሰዓቱ 7 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ነበር። ሦስተኛ የወጣችው የጂኦግራፊ ተማሪ የሆነች እኅታችን ናት። ዳገቱ ለሴት ይከብዳል አይከብድም ብለን ሁለት ወንዶች ስንከራከር ብትሰማን «ክርክሩን ስትጨርሱ ንገሩኝ፤ እስከዚያው ወጥቼ እመለሳለሁ» ብላ ተነሣች። ተከራካሪዎቹ ሁለቱም ከእርሷ በታች ሆንን። እኔ 9 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ፈጅቶብኝ ስምንተኛ ወጣሁ።

ባለ ኮርሳው ለምን ከፍ ዝቅ አለ? ምሥጢሩ ቀላል ሒሳብ ነው። በሜዳ ላይ በፍጥነት የሚነዳ ሰው ዋና ጠላቱ ነፋስ ነው። በዳገት ላይ ግን ፍጥነቱ ዝግ ያለ ስለ ሆነ ነፋሱ እምብዛም አይከለክለውም፤ ወደ ኋላ የሚስበው ክብደት ነው። 62 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ በ18 ኪሎ ቢስክሌት ላይ ሲቀመጥ ወደ ላይ የሚያወጣው 80 ኪሎ ነው። ያው ሰው 8 ኪሎ በሚመዝን ኮርሳ ላይ ቢቀመጥ 70 ኪሎ ያወጣል። ልዩነቱ ከስምንት አንድ እጅ ነው፤ በስምንት ደቂቃ ዳገት ላይም አንድ ደቂቃ ገደማ ማለት ነው። አንደኛውንና አምስተኛውን የለየው ጊዜ ከዚህ ያነሰ ነበር። እንግዲህ ሁሉም የየራሱን ቢስክሌት ይዞ ይምጣ ብንል ኖሮ የምንለካው የልጁን ጉልበት ሳይሆን የአባቱን ኪስ ነበር። ይህን የሚክድ ሰው ካለ ባለ ኮርሳውን ራሱን ይጠይቀው፤ ውጤቱን ሰምቶ «ዛሬ ገና ልኬን አወቅሁ» ያለን እርሱ ነው።

«ክለብና አሠልጣኝ የለንም» ለሚሉት ደግሞ እግዜር የሰጠንን ልቁጠርላቸው። በአውሮፓ ስሙ የገነነው የስቴልቪዮ ተራራ መንገድ፣ ታላላቅ ብስክሌተኞች እያለከለኩ የሚደርሱበት ጫፉ 2,757 ሜትር ከፍታ አለው። ደብረ ብርሃን በ2,800 ሜትር ገደማ ላይ ገበያ ታቆማለች። ከሸዋ ሮቢት ቆላ፣ ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነሥቶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ፣ ጣልያኖች እስከ ቆፈሩት የጣርማ በር ዋሻ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚወጣው መንገድ በፈረንሳይ ዝነኛ ከሆነው ከአልፕ ደዌዝ ዳገት ይልቅ ሽቅቡ እጅግ የበዛ ነው። በእርግጥ ያ መንገድ የደሴ ከባድ መኪና የሚርመሰመስበት ስለ ሆነ ለኛ ውድድር አይሆንም። ነገር ግን እንዲህ ባለ አገር ውስጥ ለውድድር የሚሆን ሁለት ኪሎ ሜትር ዳገት አጣን ማለት ያሳፍራል።

ቀጭን አየራችንም ቢሆን የሚማሩበት ነገር አለው። ቤልጂጋዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 በአንድ ሰዓት ውስጥ 49 ኪሎ ሜትር ከ431 ሜትር ነድቶ ክብረ ወሰን የሰበረው፣ ቀጭን አየር ፍለጋ 2,240 ሜትር ከፍታ ወዳላት ወደ ሜክሲኮ ከተማ ሄዶ ነው። በሜዳ ላይ ቀጭን አየር መንገድ ይለቃልና። በዳገት ላይ ግን ይህ ጥቅም እምብዛም አይገኝም፤ ሳንባን መፈተኑ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ የኛ ዳገት ሰዓት ከሌላ አገር ሰዓት ጋር አይነጻጸርም። የሚነጻጸረው ከራሱ ከዳገታችን ሰዓት ጋር ነው፤ ለዚህም ነው መዝገብ የሚያስፈልገን።

ቢስክሌት ለኛ ባዕድ ነው የሚሉም አሉ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተሳተፈችበት በሜልበርን፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ከሯጮቹ ጋር የተሰለፉት ብስክሌተኞች ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ ከነዚያ አንዱ ነው። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በጎረቤታችን በአሥመራ ደግሞ ቅኝ ገዥዎቹ ጣልያኖች እ.ኤ.አ. በ1939 የአገሬውን ልጆች ከራሳቸው ተወዳዳሪዎች ጋር ባሰለፉ ጊዜ፣ ያሸነፈው ገብረ ማርያም ገብሩ የተባለው ኤርትራዊ ነው። በእኩል መንገድ ላይ ከተሰለፉ በኋላ ማን ምን እንደ ሆነ መሸሸግ አይቻልም። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የዓለም የመንገድ ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በኪጋሊ ሲደረግ፣ በመክፈቻው ቀን የታየው ይኸው የሰዓት ውድድር ነበር። ሬምኮ ኤቨንፑል ቀድሞት የተነሣውን ታዴይ ፖጋቻርን በመንገድ ላይ ደርሶበት ሲያልፈው ዓለም ሁሉ አየ። ሰዓት ለማንም አያዳላም።

አሁን ወደ አራተኛው ምክንያት ልመለስ። ጊዜው አይፈቅድም የሚለውን በሣቅ የሚያልፍ ሰው በዚህ አገር የሚኖር አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ጦርነት የስንቱን መንገድ የሥጋት መንገድ እንዳደረገው ሁላችንም እናውቃለን። ወደ ቤቱ ለመሄድ መንገድ ክፍት መሆኑን አስቀድሞ የሚጠይቅ ተማሪ ባለበት ዘመን፣ ለጨዋታ ብላችሁ ርቃችሁ ሂዱ የምል ሰው አይደለሁም።

እኔ ራሴ የምመኘው ዳገት ሌላ ነበር። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረች ጊዜ ዳገቷ ምሽጓ ነበር። ያን ዳገት፣ ከአንኮበር ወደ ደጋው አፋፍ የሚመለሰውን፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በአጎቴ ቢስክሌት ሞክሬው ነበር። ሞከርሁት አልሁ እንጂ አብዛኛውን ገፋሁት። ከአፋፉ ስደርስ ቁልቁል ወደ አፋር በኩል ያለውን ቆላ እያየሁ፣ አንድ ቀን ከመሬት እግሬን ሳላሳርፍ እወጣዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ያን ቃል እስካሁን አልፈጸምሁም። የአንኮበሩ ውድድር መንገዱ ሰላም እስኪሆን ይቆይ፤ ይህ «ሲሟላ» ቢባል የምቀበለው ብቸኛው ነገር ነው። ነገር ግን ትልቁን ዳገት መውጣት ስላልቻልን ከደጃችን ያለውን ትንሹን ዳገት አንተው። ትንሹ ዳገት በከተማው ዳር ነው፤ በእግር ይደረሳል፤ በቅዳሜ ጧት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል።

ስለዚህ ማኅበራችን የሚከተለውን እንዲወስን እጠይቃለሁ። ሁለት የብረት ቢስክሌት ይግዛ ወይም ይከራይ። ሁሉም ተወዳዳሪ በነዚሁ ብቻ ይወዳደር። የራስ ቁር ሳይደፋ ማንም አይነሣ፤ ቁልቁል መውረድ የውድድሩ ክፍል ስላልሆነ በፍጥነት የወረደ ሰው ሰዓቱ ይሰረዝ። ወንዶችም ሴቶችም በአንድ ዳገት ላይ ይወዳደሩ። ውድድሩን የአካባቢው ፖሊስ አስቀድሞ ይወቀው። ከሁሉም በላይ የየተወዳዳሪው ሰዓት በአንድ መዝገብ ተጽፎ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ።

መዝገቡን ከሁሉም በላይ ያልሁበት ምክንያት አለኝ። ያ አንደኛ የወጣው ልጅ ዘንድሮ ከመካከላችን የለም። በቤተሰብ ችግር ምክንያት ትምህርቱን አቋርጦ አገሩ ገብቷል። ዋንጫ አልተሰጠውም፤ ስሙን ያወቀው አሥር ሰው ብቻ ነው። ሰዓቱ ግን እነሆ በደብተሬ ላይ አለ፤ 7 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ። በእግር ኳስ ያልመጣን ሰው ማሸነፍም መሸነፍም አይቻልም። በሰዓት ውድድር ግን ነገ አንድ አዲስ ተማሪ ያን ዳገት ሲወጣ፣ አጠገቡ ከሌለው ልጅ ጋር ይወዳደራል። ያ ልጅም ተመልሶ ሲመጣ፣ እንዲመጣም እለምናለሁ፣ የሚጠብቀውን ሰዓት በመዝገቡ ላይ ያገኛል።

የጠየቅሁት ሁለት ቢስክሌትና አንድ ደብተር ነው። ዳገቱ አለ። የሚቀጥለው ስብሰባ ከፈተናው በፊት ይደረጋል ተብሏልና ከኋላ ወንበር ተነሥቼ ያንኑ ጥያቄ እጠይቃለሁ። የሚሥቅ ሰው ካለ መጀመሪያ ዳገቱን ወጥቶ ሰዓቱን ያሳየኝ።

የሥነ ጽሑፍ ክፍል የሦስተኛ ዓመት ተማሪ